ጠጂቱ አልዘጋም ያለችው የውሃ ገጽ

ከጠጂቱ ሀንጋሳ አፍ «እሺ» የሚለውን ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። ይህን የምለው ልሰድባት አይደለም። አስራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደግሞ ሱቄ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ባለችው ጥግ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። «ማሽኑ ይሞቃል፣ ወንበርሽን ትንሽ ወደዚያ አድርጊ» ብላት፣ «ማሽኑን ያንሱት እንጂ እኔ አልነሳም» ትለኛለች። ማሽኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እኔ ዘርትሁን እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ ነገሌ ቦረና ገባ፤ እኔ ጨርቁን ትቼ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝኩ። ስለ ጠጂቱ የምጽፈው ሌሎች አጣመው ስለሚያወሩ ነው። አንዱ «ከብት የጨረሰች» ይላታል፤ ሌላው «ከአለቃ ጋር መኖር የማትችል» ይላል። ሁለቱም ያወቁት ግማሹን ነው፤ ግማሽ ወሬ ደግሞ ያናድደኛል።

የተወለደችው በ1983 ነው፣ መንግሥት በተለወጠበት ዓመት። አባቷ ሀንጋሳ በሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የሚዘምር ለስላሳ ሰው። በክሊኒኩ አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከየቆላው ጣቢያ ስንት ሰው እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት እንዳለቀ በሬዲዮዋ ይነገራል፤ መጨረሻ ላይ የሁሉም ሰው ጆሮ የሚቆመው የውሃው ወሬ ሲመጣ ነው። የትኛው የጉድጓድ ሞተር ይሠራል? የትኛው ቆሟል? ሀንጋሳ ይህን በጠመኔ በሩ ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ከብት ነጂ ሁሉ እያነበበ፣ ማንበብ የማይችለውም እያስነበበ ያልፋል።

ጠጂቱ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጠመኔውን ከአባቷ ተረከበች። አንድ ቀን አንድ ሹም በዚያ ሲያልፍ «ይህን ማን ፈቀደ? መረጃ የሚወጣው በቢሮ በኩል ነው» አለና ሰሌዳው ይውረድ ተባለ። ሀንጋሳ ጠብ አይወድም፤ አወረደው። በማግስቱ ልጅቷ የክሊኒኩን ነጭ ግድግዳ በከሰል ጻፈችበት። ተገረፈች። በሦስተኛው ቀንም ጻፈች። በአራተኛው ቀን ሀንጋሳ ሰሌዳውን መልሶ ሰቀለ፤ ግድግዳ በየቀኑ ኖራ መቀባት ሰልችቶት ይሁን ልጁን ፈርቶ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ሀዋሳ ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች፤ በ2006 ተመልሳ ከሱቄ አጠገብ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ መረጃ መዝጋቢ ሆና ተቀጠረች። ስሙን አልጠራም፤ ለዚህ ታሪክ ስሙ አይጠቅምም። ሥራዋ ከየጉድጓዱ የሚመጣውን ወሬ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ነበር።

ድረ ገጹ ውብ ነበር። የሚስቁ ልጆች ፎቶ አለው፤ በጣት ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ካርታ አለው፤ ከታች ስድስት ሎጎ ተደርድሯል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ቆላ ውስጥ አይከፈትም። ሰው ገጹን በነካ ቁጥር ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ አንድ ሩቅ ሰርቨር ጋ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ መዝገቡን አገላብጦ፣ ገጹን እዚያው ሠርቶ፣ ፎቶና ካርታ ጭኖ ይልካል። አዲስ አበባ ላሉት ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። ከነገሌ ወርዶ፣ ስልኩ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቻ በሚያሳይበት ቀበሌ ግን ያቺ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ፓኬጁ ያልቃል። የተጠማ ከብት የያዘ ሰው ደግሞ ክብ የሚያይበት ጊዜ የለውም።

በ2014 ዝናቡ ቀረ። ከዚያ በፊትም ቀርቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከብቱ ቆሞ መሄድ እያቃተው መንገድ ዳር መውደቅ ጀመረ። ጠጂቱ አለቃዋን አቶ ሳላሃዲንን «ይህ ገጽ አይከፈትም፤ በተራ ጽሑፍ እናድርገው» አለችው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው፤ ሪፖርት ደግሞ ካርታ ይወዳል። «ይቆይ፣ ለአዲስ አበባ እናቅርበው» አላት። አቀረበች። አንድ ወር ጠበቀች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በራሷ ስም አድራሻ አውጥታ፣ በራሷ ላፕቶፕ የራሷን ገጽ ሠራች።

የእሷ አሠራር ተቃራኒው ነው። ገጹ የሚሠራው ሰው ሲጠይቅ ሳይሆን ቀድሞ ነው። ጠዋት የሞተር ጠባቂዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይደውሉላታል፤ እሷ ትጽፋለች፤ ራሷ የሠራቻት አንዲት ፕሮግራም ዝርዝሩን ወደ ተራ ፋይል ትለውጠዋለች። ፎቶ የለ፣ ካርታ የለ፣ ፓስወርድ የለ። ዋናው ፋይል አዲስ አበባ በተከራየችው አንድ ርካሽ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ቅጂው ግን አንድ አገልግሎት በየአገሩ ዳር ዳር ባስቀመጣቸው ሰርቨሮች ይበተናል፤ ናይሮቢ አንድ፣ ጅቡቲ አንድ፣ ሌላም ሌላም ቦታ። ስልኩን የነካ ሰው የሚያገኘው ከሁሉም የሚቀርበውን ቅጂ ነው።

አልገባኝም አልኳት። በትዕግሥት አላስረዳችኝም፤ ትዕግሥት የላትም። «ጋሼ ዘርትሁን፣ ኤላ፣ የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ አይተው ያውቃሉ? ከብቱ ሲመጣ ነው እንዴ ውሃ መቅዳት የሚጀመረው? ገንዳው ቀድሞ ይሞላል። የእነሱ ሲስተም ከብቱ አፉን ከፍቶ ቆሞ ባልዲ ፍለጋ የሚሄድ ነው። የእኔ በየመንገዱ ዳር ሞልቶ የሚጠብቅ ገንዳ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ደግሞ ዳር ያለው ሰርቨር ቅጂ ብቻ አያቀብልም፤ ጥቂት ሥራም ይሠራል። የስልኩን ቋንቋ አይቶ ለኦሮምኛው ኦሮምኛውን፣ ለሶማልኛው ሶማልኛውን፣ ለእኔ ቢጤው አማርኛውን ይሰጣል። ሦስቱንም ቀድማ ሠርታ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ እዚያ የሚደረገው መምረጥ ብቻ ነው። ገጹ ጣት ሳይነሣ ይከፈታል። ወሬው ከነገሌ እስከ ፊልቱ፣ እስከ ዋጪሌ ወረደ። በገበያ ቀን «የጠጂቱን አይተሃል?» መባባል ተጀመረ፤ ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ፣ እኔም የገዛ ሴት ልጄ የተመረቀች ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ቅጂው ዳር ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የምትወስነው እሷ ነበረች። ሦስት ቀን አለች። ምክንያት ነበራት፤ ያ የአዲስ አበባው ርካሽ ሰርቨር አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን ይተኛል፤ ቅጂው ሦስት ቀን ከቆየ ዋናው ቢተኛም ገጹ አይተኛም። ጎበዝ ሐሳብ ነው ብዬ አጨበጨብኩላት። እኔ ምን አውቄ ነው የማጨበጭበው?

ቦረና ከብቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት አቡሩ ይልካል። አቡሩ ቀድሞ ሄዶ ሣሩንና ውሃውን በዓይኑ አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። እሱ ሳይመለስ ከብት አይነዳም፤ ሕፃን የሚያውቀው ደንብ ነው። በዚያ ዓመት ግን ስልክ ያለው ቤተሰብ ሁሉ አቡሩ መላክ ተወ። ገጹ ነገረኝ ይላል፣ ይነዳል። ጠጂቱ ይህን ሰምታ ደስ ብሏት ነበር። ሰው በእግሩ ሁለት ቀን ሄዶ፣ ሁለት ቀን የሚመለስበትን ጣጣ አስቀረሁ ብላ ነው። ነገሩ መልካም ይመስል ነበር።

አንድ ሰኞ ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ልጃቸው አለች፤ የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት፣ ፋይዳ የምትባል።

«የውሃዋ ሴትዮ የት ናት?» አሉኝ።

ጃልዴሳ ዋቅጋሪ ይባላሉ። ጠጂቱ ቢሮ ወሰድኳቸው። ሊያመሰግኗት የመጡ መስሎኝ ፊት ፊት እየሄድኩ ነበር።

«ናጋ ጂርቱ?» ሲሉ በኦሮምኛ ሰላም አሏት።

«ናጋ፣ ኦቦ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ኤላ ዲማ ይሠራል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ጠጂቱ ላፕቶፗን አዞረችላቸው። «አይሠራም ነው ያልኩት፤ ይኸው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ሞተሩ ቆመ፣ ረቡዕ ጠዋት ተደወለልኝ፣ ረቡዕ ጠዋት ጻፍኩት።»

መምህርት ፋይዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ ያነበበችውን ገጽ ለአጎቷ ለመላክ ፎቶ አንስታ አስቀምጣዋለች። ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ኤላ ዲማ፦ ይሠራል።

ጠጂቱ ስልኩን አየች፤ ላፕቶፑን አየች፤ እንደገና ስልኩን አየች። እኔ ኔትወርኩን ልትረግም ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቀላሉ እሱ ነዋ! እሷ ግን «ሦስት ቀን» አለች፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስት ቀን ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። አሮጌውን ነው የሰጣችሁ። እኔ የማየው የራሴን ላፕቶፕ እንጂ እናንተ የምታዩትን አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በስምንት ዓመት ጉርብትና «ጥፋቱ የእኔ ነው» ስትል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኦቦ ጃልዴሳ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። «ሁለት ቀን ነዳሁ» አሉ። «ቅዳሜ ደረስኩ፤ ገንዳው ደረቅ ነው። ወደሚቀጥለው ውሃ አንድ ቀን ተኩል ነው። አስራ አንድ ወደቀ። አንዷ በሆዷ ጥጃ የያዘች ነበረች።» በትራቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። «አቡሩ አልላክሁም። ልጄ ስታነብልኝ አቡሩ ሄዶ የመጣ መሰለኝ። አቡሩ ግን ስም አለው። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። መቼ አየህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። በዓይንህ ነው በጆሮህ እለዋለሁ። ይሄን ማን አየው? መቼ አየው?»

ገጹ ላይ የጉድጓዱ ስምና «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብቻ ነበር የሚጻፈው፤ ስምም ሰዓትም የለም። ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ፣ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አልኳት። ስለ ውሃ መተረት የሌለብኝ ቀን ነበር።

ሦስት ቀን ከቤቷ አልወጣችም። እናቷ እትዬ ሲንቄ ልጄ እህል አልቀምስ አለች ብለው ጠሩኝ። ስገባ ላፕቶፗ ጭኗ ላይ ነው፤ ዓይኗ አብጧል፤ ጣቷ ግን ይሮጣል። አዝና የተኛች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ገጹን ከሥሩ አፍርሳ እየሠራች ነበር።

ፊት ሁሉም ጉድጓድ በአንድ ገጽ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ትንሽ ገጽ አለው። አንዱ ሲለወጥ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። አዲሱ እንደወጣ ዳር ላሉት ሰርቨሮች ሁሉ «የያዛችሁትን ድፉ» የሚል ትእዛዝ ይሄዳል። ትእዛዙ ያልደረሰው ቢኖር እንኳ ቅጂው በአምስት ደቂቃ ያረጃል፤ ያረጀውን የሚሰጠው ዋናው ሰርቨር ከተኛበት ብቻ ነው። የማይለወጠው ነገር፣ የፊደሉ መልክና የቦታዎቹ ስም፣ ዓመት ቢቆይ ግድ የላትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየገጹ ራስ ላይ በደማቁ ሁለት መስመር ገባ፤ ያየው ሰው ስም፣ ያየበት ቀንና ሰዓት። ወሬው አንድ ቀን ካለፈው ገጹ ራሱ «ይህ የትናንት ወሬ ነው፣ አቡሩ ላክ» ይላል። እሱን የሚያሰላው ዳር ያለው ሰርቨር ነው፤ እሷ ብትተኛም፣ ብትታመምም፣ ዋናው ቢጠፋም ያሰላዋል።

«ይህን ፊት ብታደርጊው ኖሮስ?» አልኳት። ሳላስብ ነው ያመለጠኝ።

«ፊት አላደረግኩትም» አለችኝ። መጻፏን ቀጠለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ገጹን አይቶ እንዳላየ ያለፈው ድርጅት የከብቶቹን ሞት ሲሰማ ነቃ። ከአዲስ አበባ እድላዊት የምትባል የሲስተም ባለሙያ መጣች፤ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የወረዳ ሰዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የሞተር ጠባቂዎች፣ ኦቦ ጃልዴሳም ከነልጃቸው ተጠሩ። ለምን እንደተጠሩ ግልጽ ነው፤ ተነሥተው ቁስላቸውን እንዲያሳዩ፣ ገጹም በዚያ እንዲዘጋ። እኔ ማንም አልጠራኝም። የስብሰባውን ወረቀት ኮፒ ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱን ይዤ ገባሁና ቁጭ አልኩ።

እድላዊትን ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰው አታዋርድም። «ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «አንድ ቦታ፣ አንድ መረጃ። ሁሉም ስልክ ማዕከሉን ይጠይቅ። ቅጂ ከሌለ ያረጀ ቅጂ አይኖርም። እኚህ አባት ያጡትን ማንም ዳግመኛ አያጣም።» ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፤ እውነት ይመስላላ!

ከዚያ አቶ ሳላሃዲን አንድ ወረቀት ወደ ጠጂቱ አስጠጋ። የገጹን አድራሻ ለድርጅቱ አስረክቤያለሁ፣ ገጹም ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል የሚል ነው። «ፈርሚና ነገሩ ይለፍ» አላት፣ እንደ ወንድም።

«አልፈርምም።»

«የእኚህን አባት ከብት ፈጅተሽ አሁንም አልፈርምም?» አላት አቶ ሳላሃዲን።

ጠጂቱ ተነሣች። «አዎ፣ ፈጅቻለሁ» አለች። «ቢሮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እዚህ ሁሉም ፊት እለዋለሁ። ወሬው በፍጥነት ይድረስ ብዬ የወሬውን ዕድሜ ረሳሁ። ያየውን ሰው ስም ሳልጽፍ እመኑኝ አልኩ። ይህን ጥፋት በማንም አላላክክም፤ እስክሞት ተሸክሜው እኖራለሁ። ግን እህቴ እድላዊት፣ ማዕከሉን ይጠይቅ አልሽ። ቆላ ያለው ሰው ማዕከሉን ሲጠይቅ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ማዕከሉ አልመለሰለትም። የእኔ ገጽ ዋሽቶ አስራ አንድ ከብት ገደለ። የእናንተ ገጽ ዝም ብሎ ስንት እንደገደለ የቆጠረው ሰው አለ? ዝም ያለ ስለማይከሰስ ነው። እኔ ገጼን አርሜዋለሁ፤ አሁን ያየው ሰው ስምና ያየበት ሰዓት ይጻፍበታል። አልዘጋውም። አባሩኝ፤ አልዘጋውም።»

አቶ ሳላሃዲን ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሽማግሌው ዞሮ በአክብሮት «ኦቦ ጃልዴሳ፣ እስቲ አንቱ ይናገሩ። የደረሰብዎትን ይንገሩን» አለ።

ኦቦ ጃልዴሳ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ጉባኤውን ናጋ አሉ፤ ጉባኤውም ናጋ ብሎ መለሰ። ከዚያ እሳቸው ከገበያ በለቀሙት አማርኛ ተናገሩ።

«ከብቱ የማን ነው?» አሉ።

ጉባኤውን በዓይናቸው ዞሩበት።

«የእኔ ነው። የሞተው የማን ነው? የእኔ። እንግዲህ በሞተው ከብት የሚከስ እኔ ነኝ። የሚምርም እኔ ነኝ። አንተ ሳላሃዲን፣ የእኔን ከብት ሬሳ አንሥተህ ይችን ልጅ የምትመታበት ማን ሰጠህ? እኔ አልሰጠሁህም።» በትራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ። «እኔ በጣም ተናድጃለሁ። ዛሬም ተናድጃለሁ። ከብቴን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ግን አቡሩ ሲሳሳት አቡሩን አንገድልም። ቁጭ አድርገን እንጠይቀዋለን፤ ከተማረ መልሰን እንልከዋለን። የእናንተ ካርታ እኔ ዘንድ ደርሶ አያውቅም። ያልደረሰ አይሳሳትም። ይሄን ዝጉት ብል ነገ ለቀሩት ከብቶቼ ማን ያይልኛል? ካርታው?»

ሰው መሳቅ ጀመረ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ጠጂቱ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ስም ጽፌያለሁ ብለሻል። ማን ነው ኤላ ዲማን የሚያየው?»

«ሞተር ጠባቂው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሻኪሶ ሄዷል፣ ኦቦ። አሁን ሰው የለኝም።»

«እንግዲያው እኔን ጻፊ።»

«ኦቦ፣ እርስዎ…»

«እኔን ጻፊ አልኩሽ። ጃልዴሳ ዋቅጋሪ። የዚያን ቦታ ነገር ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።»

እድላዊት ከስብሰባው በኋላ ወደ ጠጂቱ መጥታ ስለ አምስት ደቂቃዋ፣ ስለሚደፋው ቅጂ ረጅም ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ደብተር አውጥታ ስትጽፍ አይቻለሁ። አቶ ሳላሃዲን አልጠየቀም። በወሩ መጨረሻ ጠጂቱ ከሥራ የመሰናበቻ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤውን ኮፒ ለማስደረግ ሱቄ ገባች፤ ኮፒውን ስሰጣት ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጥጓ ላይ አስቀመጠች፣ ሶኬት የት ነው አለች። ልከራይ፣ ይቻላል ወይ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም ኪራይ አላልኳትም።

በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ስከፍት ቀድማኝ በር ላይ ቆማለች። ገና ሳንቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነፋስ ይሰማል። ከነፋሱ ውስጥ የኦቦ ጃልዴሳ ድምፅ መጣ።

«ናጋ። ኤላ ዲማ ነኝ።»

ጠጂቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሁለት ቀን በእግራቸው ሄደው ነው፤ ያለ ከብት፣ ብቻቸውን።

«እሰማለሁ፣ ኦቦ።»

«ሞተሩ አልተጠገነም። ገንዳው ደረቅ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ነው የምነግርሽ። የከብቶቼ አጥንት እዚህ አለ፣ አየሁት።» ነፋሱ ድምፃቸውን ወሰደው፤ መለሰው። «ማንም እንዳይመጣ በይ። ጃልዴሳ አይቷል በይ።»

ጠጂቱ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ጻፈች። ፋይሉ ተሠራ፣ ሄደ፤ ዳር ያሉት አሮጌውን እንዲደፉ ታዘዙ። ከዚያ ላፕቶፗን አልተመለከተችም። የእኔን አሮጌ ስልክ ከእጄ ነጥቃ፣ ከሱቁ ወጥታ፣ ኔትወርኩ ደከም ወደሚልበት ከመናኸሪያው ጀርባ ድረስ ሄዳ ገጹን እዚያ ከፈተችው። ተከትያት ሄጄ በትከሻዋ ላይ አነበብኩ።

ኤላ ዲማ፦ አይሠራም። ያየው፦ ጃልዴሳ ዋቅጋሪ። ዛሬ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል።

በዚያ ወር ወደ ኤላ ዲማ የተነዳ አንድም ከብት አልነበረም።